ድግምት ያረፈባት ኮቴ

ቁጭ በሉ እስቲ! እግራችሁን ሰብስቡ፤ አንተም ያን ጠጠር ጣለው። ይሄ ተረት ለሚቁነጠነጥ ሰው አይገባም።

አንድ ጊዜ ከሰው አገር ራቅ ባለ ገደል ሥር አባ ጉሬዛ የሚባሉ ድግምት አዋቂ ይኖሩ ነበር። መቼም ጉሬዛን ታውቁታላችሁ፤ ነጭ ካባውን ደርቦ ዛፍ ላይ ጉብ ሲል መነኩሴ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን አባ ጉሬዛ አዳኝ ጥሎት የሄደ፣ ዝገት የበላው ጦር አገኙና ድግምታቸውን ደገሙበት። ጦሩ እንደ መብረቅ ቦግ አለ! አለቱን በጦሩ ለመንካት ያህል ነካ ቢያደርጉት፣ አለቱ እንደ ዳቦ ለሁለት ተከፈለ። አውሬው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ።

እትዬ አህያም ከውርንጭላዋ ጋር ቆማ ይህን ስታይ ልጇን ወደ ጎኗ አስጠጋች። ይባስ ብሎ ከወዲያ ማዶ አያ ጅቦ ሲናገር ሰማችው።

«ይሄ ነገር ጥርሴ ላይ ቢያርፍልኝ፣» ይላል ምራቁን እየዋጠ፣ «ያቺን ውርንጭላ ከነአጥንቷ አንድ ጉርሻ ነበር የማደርጋት!»

እስከዚያ ቀን ድረስ በመጣ ቁጥር በርግጫ ትመልሰው ነበር። ጥርሱ መብረቅ ከሆነ ግን በምን ትመልሰው?

በማግስቱ ጠዋት ልጇን አስከትላ አባ ጉሬዛ ዘንድ ሄደች። አያ ጅቦ ቀድሟት ደርሷል። ደግነቱ በእሳቸው ዛፍ ጥላ ሥር መናከስ ነውር ነው፤ ጅብም ቢሆን ይህን ነውር ያከብራል።

«አባ፣ እንደ ጦሩ አድርጉኝ!» አለ አያ ጅቦ።

«የጦሩ ድግምት ላንተ አይሆንም፣» አሉ አባ ጉሬዛ። «እሱ በእጅ ለሚያዝ ብረት ነው። ከሥጋ ለበቀለ መሣሪያ፣ ለጥርስ፣ ለጥፍር፣ ለቀንድ፣ ለኮቴ፣ የራሱ ድግምት አለው። ግን ልብ በል፤ ለአንድ አውሬ አንድ ስፍር ብቻ ነው። አንዷ ላይ ካፈሰስኩት መብረቅ ይሆናል፤ ለብዙ ካካፈልኩት ይሳሳል። ምረጥ።»

አያ ጅቦ ሊያስብ ሞከረ። ማሰብ ለጅብ ድንጋይ ከማኘክ ይከብደዋል። እዚያው ጥላ ሥር የተጋደመችው ቀበሮ፣ ትናንት ሥጋዋን የነጠቃት ቀበሮ፣ ቀና አለች።

«አያ ጅቦ፣ አንዷን ብቻ ካስደገምክ ሌሎቹ ጥርሶችህ አይቀየሙህም?»

«ውይ! ተቀይመው አናኝክም ቢሉኝስ?»

«ጥፍሮችህስ ምን በደሉ?»

«ለሁሉም! ለሁሉም ይደገምልኝ! ጭራዬንም እንዳትረሱ!»

«ጭራህ ይናከሳል እንዴ?» አሉ አባ ጉሬዛ።

«ይልመዳ!»

ደገሙለት። ጥርሱም ጥፍሩም ጭራውም ብልጭ ብልጭ አለ፣ ልክ እንደ አብሪ ትል። አጠገቡ ባለች ኩሬ ውስጥ ራሱን አየና «አፌ ሰማይ ሆነ!» ብሎ ፈነጠዘ።

«አንቺስ?» አሏት እትዬ አህያን።

«የኋላ ቀኝ ኮቴዬን ብቻ፣ አባ።»

«ሦስቱስ?»

«እነሱ ይሸከሙኝ። አንዷ ስትመታ የሚቆም ያስፈልጋላ።»

አባ ጉሬዛ ትክ ብለው አዩዋትና ደገሙ። ኮቴዋ ላይ ምንም አልበራም። ብቻ ከኮቴዋ ሥር ምድሪቱ እንደ ንብ ቀፎ እምምም ትላለች።

ከጥላው አንድ እርምጃ እንደወጡ አያ ጅቦ ውርንጭላዋ ላይ ዘለለ! እናት መሀል ገባች። አንገቷን ነከሳት፤ አመማት፣ ደማች፤ ግን ያው የድሮው ንክሻ ነው። አያ ጅቦ ራሱ ግራ ገብቶት «እንዴ!» አለ፣ አፉን ሳይለቅ።

እሷም ተወራጭታ አመለጠችው፤ ዞረች፤ ሦስት እግሯን መሬት ላይ ተከለች፤ በአንዷ ተራገጠች።

ምን ልበላችሁ! መጀመሪያ ብርሃን ነው የመጣው። ድምፁ ዘግይቶ ደረሰ። እስከ ማዶው ተረተር ድረስ ያለው ሣር በአንዴ አጎነበሰ፣ ወፍ ዜማዋን ከመሀል ቆረጠች። አያ ጅቦ በዛፉ አናት ላይ ሲያልፍ ታየ፤ ጭራው ብልጭ ብልጭ እያለች ከተራራው ወዲያ ተሰወረ። አንበሳ ከዋሻው ብድግ ብሎ «ማነው?» አለ።

እትዬ አህያ ቀስ ብላ ዞራ እግሯን አየች፤ ያው አቧራ የለበሰች ኮቴ ናት። ውርንጭላዋ ጠጋ ብላ አሸተተቻት፣ ከዚያ ሥሯ ገብታ መጥባቷን ቀጠለች።

ከዚህ የምንማረው ያለውን ኃይል ለሁሉም ከሚበትን ይልቅ የት ላይ ማሳረፍ እንዳለበት ያወቀ እንደሚያሸንፍ ነው፤ ደግሞም እነዚያ ዝም ብለው የቆሙት ሦስቱ እግሮች ባይኖሩ... አቤት! ከቤት ተጠራሁ፤ አንተ፣ መጣሁ፣ መጣሁ በላት! ምን እያልኩ ነበር፣ ሦስቱ ባይኖሩ እኮ አንዷም አትመታም ነበር።