አያ ጅቦ «በሞቴ»ን ሲጠብቅ

አንድ ጊዜ፣ ጠፍር መዋጥ ነውር ባልነበረበት፣ የሆድ ቁርጠት ግን እንደ ዛሬው ሁሉ በነበረበት ዘመን፣ አያ ጅቦ ክፉኛ ታመመ። የሕመሙ ምክንያት ምስጢር አልነበረም። በመጀመሪያ ያረጀ ጠፍር በላ፤ በላዩ ላይ የበሬ መንጋጋ ጨመረ፤ መንጋጋው ሳይወርድ ደግሞ አንድ ገበሬ አጥር ላይ የሰቀለውን ጫማ ከነማሰሪያው ዋጠ። ከዚያ ጉድጓዱ ደጃፍ ላይ እየተንከባለለ፣

«ኧረ ቡዳ በላኝ! የጎረቤት ያለህ!» እያለ ይጮህ ጀመር።

ጅብን ቡዳ በላው ሲባል የሰሙት ጎረቤቶች ሳቃቸውን ለማፈን በየዋሻቸው ገቡ። የመጣችለት እሜት ቀበሮ ብቻ ነበረች። እሜት ቀበሮ በአንድ መድኃኒት አዋቂ አጥር ሥር አንድ ክረምት ስለተጠለለች፣ ከዚያ ወዲህ ራሷን በራሷ ሐኪም አድርጋ ሾማለች። ምላሱን አስወጥታ አየች፣ ሆዱን ዳበሰች፣ ራሷን ነቀነቀች። ሐኪም ሲነቀንቅ አይታ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ቡዳ አይደለም። የበላኸው ነው የበላህ» አለችው። «ፍል ውሃ ወርደህ መታጠብ አለብህ። በመንገድም ሆድ የማይከብድ፣ በቤት የተሰናዳ ስንቅ መብላት ነው፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ።»

አያ ጅቦ ሕመሙን ረስቶ ተነሣ። «ቆሎ? እኔ? በዚህ ጥርስ ገብስ ልልቀም? ዶሮ ነኝ እንዴ?»

«ቀስ በል። ማን ብላ አለህ? ስንቁን የምታሰናዳው አህዪት ናት። የትንሹ ልጇ ቆዳ በእከክ ተልጧል፤ ልጆቿን ይዛ ፍል ውሃ ልትወርድ ነው።»

አህያ የሚለው ስም ሲጠራ የአያ ጅቦ ቁርጠት ለአፍታ ጸጥ አለ። ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። ወደ ፍል ውሃው የሚወስደው መንገድ የአንበሳ ነው። አንበሳ ቁርጥማት ይዞት በጋውን በሙሉ እዚያ ይዘፈዘፋል፤ ሲታጠብ ጩኸት ስለማይወድም፣ «በመንገዴ ላይ ማንም ማንንም አይብላ፤ ተበዪው በገዛ አፉ ካልፈቀደ በቀር» ብሎ አዋጅ አስነግሯል። አዋጁን የጣሰ ቆዳው ለአንበሳ ምንጣፍ ይሆናል።

«የትኛዋ አህያ ናት በገዛ አፏ ብላኝ የምትል?» አለ አያ ጅቦ በምሬት።

«ጨዋዋ አህያ ናታ!» ቀበሮ ወደ ጆሮው ተጠጋች። «አህዪት ከደህና ቤት ነው የወጣች። ሳትጋብዝ አትጎርስም። ‹እንብላ› ስትልህ ‹ጠግቤያለሁ› በል። ‹ቅመስ እንጂ› ስትልህ ‹በቃኝ› በል። ሦስተኛው ላይ ምን እንደምትል ታውቃለህ?»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ለእሱ ከባድ ሥራ ስለሆነ ትንሽ አላበው።

«‹በሞቴ ብላ!› ትልሃለች» አለች ቀበሮ። «ሞቴን አለች፣ ብላን አለች፤ ከዚህ ወዲያ ምን ፈቃድ ትፈልጋለህ? እኔ ምስክርህ ነኝ።»

አያ ጅቦ በደስታ ተንከተከተ። ይህች ሐኪም ለምን ይህን ሁሉ እንደምትደክምለት ግን አልጠየቀም። ቀበሮዋ በጠዋት በአህዪት ደጅ ስታልፍ የተቆላ ገብስ በቅቤና በማር ሲታሽ ሸቷት ነበር። በአንድ ስንቅ ላይ ሁለት ሆዳሞች ሲበዙ፣ አንዱ እምቢ እንዲል ከመምከር የተሻለ ምን ዘዴ አለ?

አህዪት ጅብና ቀበሮ አብረው ሊጓዙ እንደመጡ ባየች ጊዜ ልጆቿን ወደ ኋላዋ ሰበሰበች። እምቢ እንዳትል ጎረቤት ናቸው፤ እንዳትቀር የልጇ ቁስል አለ። አዋጁን አስባ ተጽናናችና ስልቻዋን ጫነች። አያ ጅቦም ስልቻውን አየና ምራቁን ዋጠ። እውነቱን ለመናገር ከውስጡ ካለው ስንቅ ይልቅ የፍየል ቆዳው ነበር ደስ ያለው።

ፀሐይ ስትከር ከአንድ ግራር ሥር አረፉ። አህዪት ሽምብራና ሱፍ የተቀላቀለበትን የገብስ ቆሎ በሰፌድ አፈሰሰች፤ ዳቦ ቆሎውን ለልጆቿ ቆነጠረችላቸው።

«አያ ጅቦ፣ እንብላ።»

«ብሉ፤ እኔስ ጠግቤያለሁ» አለ አያ ጅቦ። በሕይወቱ ጠግቤያለሁ ሲል የመጀመሪያው ነበርና ቃሉ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ በሳል ወጣለት።

«እንዴ! ቅመስ እንጂ፤ መንገደኛ እኮ ነህ።»

«በቃኝ፣ እትዬ አህዪት። ያድርግልሽ።»

በአገሩ ወግ የመጀመሪያው እምቢታ ለይሉኝታ፣ ሁለተኛው ለክብር ነው። ሦስተኛውን ‹በሞቴ› ይሰብረዋል፤ ተጋባዡም ‹እንግዲህ ካልሽ› ብሎ እጁን ይሰዳል። አያ ጅቦ የኋላ እግሮቹን ሰብስቦ ለመዝለል ተዘጋጀ። ቀበሮ ለምስክርነት ጉሮሮዋን ጠረገች። አህዪትም አፏን ከፈተች።

«በሞ…»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን የአያ ጅቦ ለሃጭ ደረቱን ሲያርሰው አየች። ሆዱ የጠገበ ለሃጩን እንዲህ አያዝረበርብም።

«…ቀ ውሃ ይሻልህ ይሆን? በሶውን በሞቀ ውሃ ልበጥብጥልህ? ለሆድ እኮ ደግ ነው።»

አያ ጅቦ ግን ‹በሞ›ን እንደሰማ ዘሎ ስለነበር በአፍንጫው ግራሩ ላይ ተደፋ። «ምን ሆንክ?» ስትለው፣ «ዝንብ… ዝንብ ላባርር ነው» አለ እሾሁን ከአፍንጫው እየነቀለ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ይሄኛው ግራር ነከሰ።

ቀበሮም የተዘረጋውን የአያ ጅቦን ድርሻ ወደ ራሷ ሳበች። «የታመመ ሰው ድርሻ ፀሐይ ላይ ሲውል ይበላሻል» አለች አፏን ሞልታ። «እኔ ለእሱ ጤና ስል ምን የማልሆነው አለ!»

ጉዞው እንዲህ ቀጠለ። ባረፉ ቁጥር «እንብላ» ይባላል፤ ባረፉ ቁጥር «ጠግቤያለሁ» ይመለሳል። ውርንጭላዎቹ ቆሎአቸውን ቆርጥመው፣ ውሃ ጠጥተው እየፈነጠዙ ይቀድማሉ። ቀበሮ ጉንጯ ሞላ፣ ጭራዋ አብረቀረቀ። አያ ጅቦ ብቻ ጎኑ ተጣበቀ። ጫማና ጠፍር ካልበላ ሰንብቷልና የሆዱ ቁርጠት ለቆት ነበር፤ እሱ ግን አላስተዋለም፤ ራብ ያንን ሁሉ ሸፍኖታል። ቀበሮ አስተዋለችና፣ «አየህ? ሕክምናዬ ሠራ!» ብላ አመሰገነች፣ ራሷን።

በመጨረሻ አያ ጅቦ ትዕግሥቱ አለቀና ራሱ ይለምን ጀመር።

«እትዬ አህዪት፣ አጥብቀሽ ብትለምኚኝ እኮ እበላ ይሆናል።»

«በእናትህ ብላ!»

«እናቴ የለችም፤ ሌላ።»

«በልጆቼ!»

«ልጆችሽ ይደጉ፤ ሌላ። ያቺ ጋባዥ ሁሉ የሚላት ቃል አለች አይደለች? አጭር ናት… በ ነው የምትጀምረው…»

«በረካ ሁን?»

አያ ጅቦ መሬቱን በጥፍሩ ቧጠጠ።

የፍል ውሃው ጉም ከታች በታየበት ቁልቁለት ላይ እግሮቹ ከዱትና ወደቀ። ዐይኑ ተገለበጠ፤ ምላሱ አቧራ ላይ ተዘረጋ። የአህዪት ትልቋ ልጅ እናቷን በጥርሷ ጎተተቻት።

«እማዬ፣ ውሃው ይኸውና! ትተነው እንሂድ። ቢነሣ ምን እንደሚያደርገን አታውቂም?»

አህዪት ታውቅ ነበር። ሁለት እርምጃም ሄደች። ከዚያ ዘወር ብላ ያንን የተጋደመ አጽም አየች፤ አሳዘናት። ስንቅ በጫነችበት መንገድ ላይ የጎረቤት ነፍስ በራብ ወጣች ሲባል ምን ልትል ነው? ተመለሰች። ከስልቻው የመጨረሻውን ጭኮ አወጣች፣ በማር ለወሰችው፣ ትልቅ ጉርሻ አድርጋ ወደ አፉ አስጠጋችው። ልቧ ተነክቶ ነበርና እንደ ልማዷ የሚጎርሰውን ሰው ስም ጠርታ ማለች፤

«አያ ጅቦ ይሙት! ይችን ብቻ!»

በራብ በደነቆረው የአያ ጅቦ ጆሮ ውስጥ የገባችው አንዲት ነገር ናት፤ ሞት። ጉርሻውን ዋጠ። ገብሱ፣ ቅቤው፣ ማሩ አንጀቱ ድረስ ሲወርድ እንደዚያ ያለ ጣዕም ቀምሶ አያውቅም ነበር። ሌላ ቢሆን ‹እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ› ብሎ ይደግም ነበር። እሱ ግን ጉልበት እንዳገኘ ተፈናጥሮ ተነሣና የአህዪትን ጅራት ነከሰ።

«ሞት አለች! ሰማችሁ? አጉርሳኝ ሞት አለች!»

አህዪት አናፋች፤ ልጆቿ አናፉ፤ ሸለቆው ሁሉ አናፋ። በዚህን ጊዜ ከፍል ውሃው ውስጥ ጎፈሩ የረጠበ፣ ዐይኑ በቁጣ የቀላ አንበሳ ወጣ።

«ማነው ቁርጥማቴን የሚቀሰቅሰው?»

አያ ጅቦ ጅራቱን ለቆ መሬት ሳመ። ድፍረት ግን አላነሰውም። በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው የእሱው ዘመድ ነው።

«ንጉሥ ሆይ፣ ፍረደኝ! ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ይህች አህያ ጉርሻ ስትሰጠኝ ሞት ጠርታለች። ጉርሻ ላይ ሞት ከተጠራ፣ ሞቱ የተጠራበት ይበላል! እኔም ጉርሻውን ተቀብዬ ውጫለሁ፤ ፈቃዱ ጸንቷል!»

«ወግ ነው፣ ንጉሥ ሆይ» አለች አህዪት የተነከሰ ጅራቷን ሰብስባ። «ብላ ለማለት ነው።»

«ወግ የለም!» ጮኸ አያ ጅቦ። «ቃል እንደተነገረ ነው! ለሁሉም እኩል! ምስክሬም ቀበሮ ናት!»

አንበሳ ጢሙን ላሰ። «መልካም። ሕጉ አያ ጅቦ እንዳለው ይሁን። ቀበሮ፣ አንቺ ምስክር ነሽ አሉ። አህዪት ያለችውን ቃል በቃል ተናገሪ።»

እሜት ቀበሮ አንዴ አያ ጅቦን አየች፤ አንዴ የአንበሳን ክርን አየች። ወዲያው ማን እንደሚከብድ መዘነች።

«ንጉሥ ሆይ፣ እኔ እውነት እንጂ ሌላ አላውቅም። ‹በሞቴ› አላለችም። ያለችው ‹አያ ጅቦ ይሙት› ነው።»

አንበሳ አያ ጅቦን ከራስ እስከ ጅራት ቀስ ብሎ ተመለከተው።

«ሞቱ የተጠራበት ይበላል አልክ አይደል? ጉርሻውንም ዋጥኩ አልክ። ደግሞ ደህና ነው፤ የኔም ሐኪም ስብ የሌለበት ነገር ብላ ብሎኛል። አንተ ደግሞ መንገዱ አክስቶሃል።»

አያ ጅቦ የኋላ እግሮቹ ራሳቸውን ችለው ወደ ኋላ ሲሄዱ ተሰማው። «ንጉሥ ሆይ! ይሙት ማለት እኮ… ወግ ነው! የፍቅር ቃል ነው! ብላ ለማለት ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም!»

«‹በሞቴ›ስ?»

«እሱማ የባሰ ፍቅር ነው!»

«ጮክ በል፤ አልሰማሁም።»

አያ ጅቦ ለመታጠብ በመጡት አራዊት ሁሉ ፊት ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ፣ «በሞቴ ማለት ቆሎ ብላ ማለት ነው!» እያለ ጮኸ። ዝንጀሮዎቹ ደግሞ እንዲልላቸው ለመኑት፤ ደገመ።

«እንግዲህ ሕግ ሆነ» አለ አንበሳ። «በሞቴ ብሎ ያጎረሰ ይከበር። በሞቴ ተብሎ ያልበላ ግን ንቀቱ በእኔ ላይ ነው።»

አህዪት ትንሹን ልጇን ወደ ውሃው ላከችው። ከዚያ የስልቻውን አፍ በሰፊው ከፈተች፤ መንገዱን ሁሉ ምላሷ ላይ አንቃ የያዘቻትን ቃል በአንበሳው ፊት በሙሉ ድምፅ ለቀቀቻት።

«አያ ጅቦ፣ በሞቴ!»

አያ ጅቦ አህያዋን አየ፣ አንበሳውን አየ፣ አፉን ከፈተ። ቆሎውን ቆረጠመ። «በሞቴ፣ ድገም!» ደገመ። የገብሱ ገለባ ጥርሱ መሃል እየገባ፣ እንባው ከአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ ያቺን ሲመኛት የከረመውን ቃል በሰማ ቁጥር እየጎረሰ፣ ሳይወድ በግዱ ጤነኛ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው፣ በደግ ቃል የቀረበለትን የቤት ስንቅ ንቆ ያቀረበችለትን የሚመኝ ሆዳም፣ ሌላውን ሊይዝበት ባጠመደው ቃል ራሱ እንደሚያዝ ነው።