ነፋስና እስትንፋስ

«አንድ ሾፌር ነበረ፤ እምቢ የሚባል ቃል ከአፉ የማይወጣ» አሉ የኔታ ላቀው፣ እንግዳቸው ገና በወጉ ሳትቀመጥ።

እንግዳዋ የሰፈሩ እድር ዳኛ ወይዘሮ የሺመቤት ናት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን የእድሩን ማኅተም ፈታ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣለች። «የኔታ፣ ይረከቡኝና ለሌላ ይስጡልኝ» ብላቸዋለች። ከዚያም የጠየቀቻቸው ይህንን ነው።

«ዳኛ ከሆንኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። አንድም ሰው አላስቀየምኩም። ሥራ ስላለብኝ ቀብር አልደርስም ላለኝ ይሁን አልኩ። ወገቤን ላለኝም ይሁን አልኩ። እንግዳ መጣብኝ ላለችኝም ይሁን አልኩ። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ባለፈው ሐሙስ ግን እኚያ ደግ ጎረቤታችን ሲቀበሩ ሳጥኑን የሚሸከም አራት ሰው ጠፋ። ከመንገድ ሰው ለምነን ነው ያስቀበርናቸው። ልጃቸው ቀና ብላ አላየችኝም። የኔታ፣ ክፉ ሰው በሌለበት፣ እኔም ማንንም ሳልበድል፣ እድሩ በእጄ ላይ እንዴት ፈረሰ?»

የኔታ ማኅተሙን አልነኩትም። ለጥያቄ ቀጥተኛ መልስ መስጠት የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ተማሪዎቻቸውንም ዕድሜ ልካቸውን ያስለቀሱት እንዲህ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቀጠሉ።

ሾፌሩ አገር አቋራጭ አውቶብስ ይነዳል። ዐሥራ ስምንት ዓመት በአንድ መንገድ ተመላልሷል፤ ከቆላው ከተማ ተነስቶ፣ ተራራውን ወጥቶ፣ በዚያ ማዶ ወርዶ። መንገዱን ጠንቅቆ ያውቀዋል። መንገደኛውን ግን የሚያውቀው በድምፁ ነው። መንገደኛውም እሱን የሚያውቀው በማጅራቱ ነው፤ ፊቱን አይቶ የሚሳፈር ጥቂት ነው። ከስልሳ ሰው ሁለቱ «እንደምን አደርክ» ብለውት ከገቡ ሾፌሩ ዛሬ ቀኔ ተቃና ይላል። የቀረው ገብቶ ወንበር ይሻማል። ላልመጣ ዘመዱ ነጠላ አንጥፎ ቦታ ይይዛል። የሽንኩርት ጆንያውን መተላለፊያው ላይ ያጋድማል። መውረጃው ካለፈ በኋላ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮህና ለምን አሳለፍከኝ ብሎ ደግሞ ይቆጣል። ምን አስቆጣኝ፣ እኔም ስሳፈር እንዲያው ነኝ። ሾፌሩ ይህን ሁሉ ያያል፣ ይሰማል፣ ግን አይናገርም።

የማይናገርበትም ምክንያት ነበረው። ከፊት መስታወቱ በላይ በቀይ ቀለም «ከሾፌሩ ጋር መነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። መንገደኛው ይህን አንብቦ እንደ ልቡ ያወራል። ሾፌሩ ግን በየማለዳው ሲያነበው፣ ዝም በል የተባለው እሱ ይመስለው ነበር። እናቱም «ዝም አይነቅዝም» እያሉ ነው ያሳደጉት። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ሳይነግሩት ቀሩ መሰለኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በነሐሴ፣ አውቶብሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ከመናኸሪያው ወጣ። ከማለዳ ጀምሮ ሲዘንብ ነበርና ሰዉ ሁሉ ርሷል፤ ጋቢው፣ ኮቱ፣ ጆንያው ውሃ ያንጠባጥባል። አውቶብሱ አሮጌ ነው። መስታወቱን በሙቅ አየር የሚያደርቀው ነገር ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ሾፌሩ በክረምት የራሱ ዘዴ ነበረው። በጎኑ ያለችውን መስኮት ገርበብ ያደርጋል፤ ከኋላም ሁለት ሦስት መስኮት ትንሽ ክፍት ከሆነ፣ አየሩ ይዘዋወርና መስታወቱ ጥርት ብሎ ይውላል። ይህን ዘዴ ግን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ዳገቱ እንደተጀመረ ከመካከል አንዲት እናት ጮኸች። «ኧረ መስኮቱን! የአርባ ቀን ልጅ ይዣለሁ፣ ክርስትና ላስነሳው ነው!» አጠገቧ ያለው ሰው ቶሎ ብሎ ዘጋ። ጥቂት እንደተጓዙ አንድ አዛውንት ቀጠሉ። «ከጠበል ነው የምመለሰው። ሰባት ቀን ነፋስ እንዳይነካህ ተብያለሁ። ስለ እግዚአብሔር ያንንም ዝጉልኝ።» እሱም ተዘጋ። ከሾፌሩ ጀርባ ደግሞ መንጋጋውን በሻሽ ያሰረ ሰው ተቀምጧል። እሱ በጣቱ የሾፌሩን ትከሻ ነካ ነካ አደረገና፣ «ጌታው፣ ያችን መስኮትህን። ጥርሴን ትናንት አስነቅዬ ነው፤ ነፋስ ከገባበት አለቀልኝ» አለው።

መቼም አገራችን ነፋስን የምትፈራውን ያህል እባብን አትፈራም። ወገብ ቢይዝ ነፋስ ነው፤ አንገት ቢዞር ነፋስ ነው፤ አፍ ቢጣመም ነፋስ መታው ነው። ግን አትሳቂ፤ የሕፃኑም፣ የአዛውንቱም፣ የጥርሱም ጉዳይ እውነት ነበር። አንዳቸውም ክፉ አልጠየቁም። ሾፌሩም እጁን ሰደደና መስኮቱን ዘጋ።

ውስጡ ሞቀ። ሰዉ ተመቸው። ጨዋታው ደራ፣ ሳቁም ደራ፤ ከስልሳ አፍ ትንፋሽ ይወጣል፣ ከረጠበው ልብስ ላይ እንፋሎት ይነሳል። የፊት መስታወቱም ከዳርና ከዳር እየነጣ መጣ። ሾፌሩ በጨርቅ ጠረገው። ተመልሶ ነጣ። ደግሞ ጠረገው። ጨርቁ ራሰና መጥረግ ትቶ መለቅለቅ ጀመረ። ተናገር ተናገር ይለዋል ሆዱ፤ ቀይዋ ጽሑፍ ደግሞ ከላይ ታየዋለች። ስንት ሰው ላስቀይም ነው፣ ትንሽ ልታገሥ፣ እያለ መዳፍ በምታህል ቀዳዳ አሾልኮ እያየ ተራራው ጫፍ ደረሰ።

ቁልቁለቱ ዐሥራ አንድ ጠምዛዛ አለው። ሾፌሩ ዓይኑ ሲደክም በቁጥር ይነዳ ጀመር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቆመ፤ አንድ ሰው ወረደ፤ ከወዲያ ደግሞ «ሾፌር፣ ፈጠን በል እንጂ፣ ገበያው ሊበተን ነው!» አለው አንዱ። ሲነሳ ቁጥሩ ጠፋበት። ስምንተኛውን ነው የጨረስኩ ወይስ ሰባተኛውን? ይህን ሲያስብ ከቀኝ ጎማው በታች ድምፁ ተለወጠ። አስፋልት ያልሆነ ነገር፣ ኮረት፣ ተንኮሻኮሸ። ሾፌሩ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጠው።

መስታወቱን በእጅጌው ጠረገና አየ። ከፊቱ መንገድ የለም። ሸለቆው ብቻ አለ፤ ከታች ወንዙ እንደ ክር ይታያል። ከጎማው እስከ ገደሉ አፍ ያለው አንድ ክንድ ነው። ቀስ ብሎ ሦስት ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሳበ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዘ፣ ሞተሩን አጠፋ።

ከኋላ አንዱ ተጣራ። «ምን ሆነ? ወራጅ አለ እንዴ?»

ሁላችንም ወራጅ ነበርን ሊለው ቃጣው።

ልብ በይ፤ ማንም ምንም አላየም። መስታወቱን ደግሞ ጠርጎ፣ መሪውን ጠምዝዞ ቢቀጥል ማንም አያውቅበትም። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲያደርግ የኖረውም ይህንኑ ነው። ግን ሦስት ወይም አራት ጠምዛዛ ቀርቷል፣ ጨርቁም ርሷል። ያቺ የአርባ ቀን ነፍስ ትዝ አለችው። ከመቀመጫው ተነሳና ዞሮ ቆመ። መንገደኛው ያን ቀን ፊቱን አየ፤ ላብ ያጠመቀው፣ ዓይኑ የቀላ፣ የደከመ ሰው ፊት።

«ወገኖቼ፣ እኔ አይታየኝም» አለ።

ሾፌሩ መንጋጋውን ወዳሰረው ሰው ዞሮ፣ «ወንድሜ፣ ና እስቲ እዚህ ቦታዬ ላይ ተቀመጥ» አለው።

«እኔ መንዳት አልችልም!»

«ንዳ አላልኩህም። እይ ነው ያልኩህ።»

ሰውዬው እያቅማማ መጥቶ ተቀመጠ። ፊት ለፊት አፈጠጠ። «ጉሙ ከበደ» አለ።

«በጣትህ ንካው።»

በጣቱ አንድ መስመር ጫረ። ጣቱ ረጠበ። በጫረው በኩል ጥርት ያለ ሰማይ ታየው፤ ዝናቡ ካባራ ቆይቶ ኖሯል። ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ ደግሞ ወንዙን አየው። ሻሹን ከመንጋጋው ፈታ፣ መስታወቱን በሱ ከዳር እስከ ዳር ጠረገ፣ ከዚያ እጁን ሰድዶ ያችን ያስዘጋትን መስኮት ራሱ ከፈታት።

ቀጥላም እናትየዋ ሕፃኗን ታቅፋ መጥታ አየች። አዛውንቱም መጡ፤ መቀመጫውን ተደግፈው ቁልቁል አዩና ሦስት ጊዜ አማተቡ። «አዬ ጉድ! ነፋሱን ስንፈራ እስትንፋሳችን ሊጨርሰን!» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አላዘዘም። ከየጎኑ መስኮት ሁለት ሁለት ጣት ተከፈተ። አንዱ ከሻንጣው ደረቅ ጋቢ አውጥቶ ለሕፃኑ ደረበለት። አዛውንቱን ነፋስ የማያገኛቸው መካከለኛው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ መስኮቱ ዳር ደግሞ አንድ ወፍራም ነጋዴ ተቀመጠላቸው፤ «ነፋሱ በእኔ ካለፈ እርስዎ ዘንድ አይደርስም» ብሎ አሳቃቸው። ጥርሱን ያመመው ሰው ሻሹን ጨምቆ ከሾፌሩ ጎን ቆመ፤ እስከ መጨረሻው ጠምዛዛ ድረስ መስታወት ሲጠርግ ሄደ። ሾፌሩም «አሁን ወደ ግራ ነን፣ ያዝ ያዝ አድርጉ» እያለ በየመታጠፊያው ይነግራቸው ነበር። ገበያው ሊበተን ነው ያለው ሰው እንኳ አልተነፈሰም።

በደህና ገቡ። ሲወርዱ የኋላው በር ተከፍቶ ሳለ ብዙዎቹ በፊት በር ወረዱ፤ ፊቱን አይተው ሊያመሰግኑት። አዛውንቱ እጁን ይዘው «ልጄ፣ እስካሁን ለምን ዝም አልክ?» አሉት። ቀና ብሎ ቀይዋን ጽሑፍ አየ። ያቺ ጽሑፍ ዛሬም እዚያው አለች፤ ግን ሾፌሩ በደንብ አንብቧታል። ከሾፌሩ ጋር አትነጋገሩ ትላለች እንጂ ሾፌሩ አይናገር አትልም። አሁን በየማለዳው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ዞሮ ይቆማል። «እንደምን አደራችሁ። ዛሬ የምነዳችሁ እኔ ነኝ። ለእኔ እንዲታየኝ እናንተን ትንሽ ይበርዳችኋል» ይላል። ስልሳውም እንደምን አደርክ ይሉታል።

የኔታ ትረካቸውን እዚህ ላይ ገቱና ወደ ወይዘሮ የሺመቤት ዞሩ።

«አሁን ወዳንቺ ልምጣ። አውቶብሱ እድርሽ ነው። ይሁን፣ ይሁን እያልሽ የዘጋሻቸው እነዚያ መስኮቶች ናቸው። ያ ሥራ ያለበት፣ ያ ወገቡን ያመመው፣ ያቺ እንግዳ የመጣባት፣ አንዳቸውም አልዋሹሽም። ክፉ ሰው ፈልገሽ አታገኚም፤ መስታወቱን ያነጣው የደጋግ ሰዎች ትንፋሽ ነው። ያንቺ ጥፋት ደግነትሽ አይደለም። የሚታይሽንና የማይታይሽን ሳትነግሪያቸው፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ በርጥብ ጨርቅ ብቻሽን ስትጠርጊ መኖርሽ ነው። ሐሙስ ዕለት ጎማሽ ኮረት ረገጠ። ኮረት ነው እንጂ ገደል አይደለም፤ ሰውየው ተቀብረዋል፣ እድሩም አልፈረሰም። ገና ቆሟል።»

ወይዘሮ የሺመቤት ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ታዲያ ምን ላድርግ፣ የኔታ?»

«እሑድ ሰብስቢያቸው። አትቆጪ። ሳጥኑን ለማሸከም መንገድ ዳር ቆመሽ ማንን ማንን እንደለመንሽ፣ ልጅቷም እንዴት እንዳላየችሽ ንገሪያቸው። ከዚያ አንዱን ጥሪና ወንበርሽ ላይ አስቀምጪው። ምን ይታይሃል በይው። ወገቡን ያመመው አይሸከም፤ ግን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ሐዘንተኛ ማጽናናት ይችላል። ነፋስ የማይችለውን መካከል አስቀምጪው፤ የሚችለው ዳር ይቀመጣል። ይህን እነሱ ራሳቸው ይሠሩታል። አንቺ ብቻ ዞረሽ ቁሚ።»

ወይዘሮ የሺመቤት እጇን ዘርግታ ማኅተሙን አነሳችና በነጠላዋ ጫፍ መልሳ ቋጠረችው። ጠበቅ አድርጋ ነው የቋጠረችው። ጉልበታቸውን ስማ ወደ በሩ ስትሄድ የኔታ ከኋላዋ ተጣሩ።

«የሺመቤት! ስትወጪ ያን መስኮት ዝጊልኝ፣ ነፋሱ ማጅራቴን...» ብለው ጀመሩና ራሳቸውን ያዙ።

እሷም እጇን መስኮቱ ላይ አድርጋ ሳቅ እያለች ትጠብቃቸው ነበር።

«ተይው፣ ተይው» አሉ ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው እየሳቡ። «ሁለት ጣት ያህል ተይልኝ።»