እንደ ሁልጊዜዋ ነች

የከተማይቱን ስም አልጠራም። ያገሯ ሰዎች ታሪኩን ገና ሲሰሙ ያውቋታል፤ ለሌላው ደግሞ የቆላውና የደጋው መንገድ የሚገናኙባት፣ ከገበያዋ መስጊዷ የሚቀድም የድሮ ከተማ ነች ብል ይበቃዋል። በዚያች ከተማ፣ ከመስጊዱ በር ፊት ለፊት፣ ሐጂ ጦይብ የሚባሉ አዛውንት ቡና አፍልተው ይሸጡ ነበር።

ቡና የሚሸጥ ሰው ምን ይወራለታል እንዳትሉኝ። ቡና ማፍላትማ ማንም ያፈላል። ዛሬ የጣፈጠውን ነገም ልክ እንደዚያው አድርጎ ማቅረብ፣ በገበያ ቀን ሰው ቢጋፋም በክረምት ሱቁ ጭር ቢልም ያው ሆኖ መገኘት ግን ሌላ ነገር ነው። ሐጂ ጦይብ የዕለቱን ቡና ለዕለቱ እንጂ ለነገ አይቆሉም። አንዱ ጀበና ከሌላው እንዳይለይ ውሃውንም ዱቄቱንም ሁልጊዜ በአንድ መስፈሪያ ይሰፍራሉ። ቶናን በአቦል ስም ሸጠው አያውቁም፤ ቆሞ የቀዘቀዘውንም አሙቀው ለሰው ከሚሰጡ ይደፉታል። ያገሩ ቡና በጨው ነውና ጨውን ከሳቸው በቀር ማንም አይነካም። ከዚያ የመጀመሪያዋን ሲኒ “ቢስሚላህ” ብለው ራሳቸው ይቀምሳሉ። ሁለተኛዋን ለሶላት ለሚጣራው ለሙአዚኑ ለይመር ይሰጡና “እንዴት ነች?” ይሉታል።

“እንደ ሁልጊዜዋ ነች፣ ሐጂ” ይላል ይመር። ለሌላው ሰው የሚቀዳው ይህ ከተባለ በኋላ ነው።

ይመር የቲም ነበር። አባቱ ሲሞት ያሳደጉት ሐጂ ናቸው፤ “ይህ ልጅ ድምፁ ያምራል” ብለው እጁን ይዘው ወደ መስጊዱ የወሰዱትም እሳቸው። እንግዲህ እንዴት እንደሚወዳቸው እናንተው ገምቱት።

አንድ ዓመት፣ ኢድ ባለፈ ሰሞን፣ ይመር ሲኒዋን ተቀብሎ ፉት ቢል ፊቱ ሊጨማደድ ምንም አልቀረው። ጨው በዝቷል! ዛሬ ተሳስተው ነው ብሎ ዋጥ አደረገው።

“እንዴት ነች?”

“እንደ ሁልጊዜዋ ነች፣ ሐጂ።”

በማግስቱ ባሰ። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው፤ የሐጂ ምላስ በእርጅና እየደነዘዘ ኖሯል። ሲቀምሱት ጨው ያነሰው እየመሰላቸው ይጨምራሉ፣ ሲጨምሩለት ለሳቸው ልክ ይመጣል። ተንኮል የለበት፣ ስንፍና የለበት።

ደንበኞቹም ሁሉ አወቁ። መስጊዱ ግቢ ተሰብስበው ሲንሾካሾኩ ምክር ያመጣው ይመር ነው። “እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ አክብረውናል። ለቁንጥር ጨው ብለን ልባቸውን እንስበር? ሰብር እናድርግ፣ ችለን እንጠጣው” አላቸው። ጠጡት። ሐጂ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ሹልክ እያሉ ይወጡና ለሶላት ከሚታጠቡበት ከውዱእ ውሃው ይጎነጫሉ። አንዱማ “ጉድ እኮ ነው፣ ሆዴ ውስጥ ባሕር ገባ” ይል ነበር አሉ። እንዲህ እየተሳሳቁ ሰነበቱ።

ይመር ግን ሳቁ አልቆየለትም። አዛን ሊል ሚናራው ላይ ሲወጣ ያ ጨው አፉ ላይ ይመጣበት ጀመር።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን፣ ከቆላ ጨው በግመል ጭኖ የመጣ ሁመድ የሚባል ነጋዴ ወደ ሱቁ ገባ። ከእግር እስከ ራሱ አቧራ ነው። ሲኒውን ተቀበለ፣ አንዴ ፉት አለና ቱፍ አደረገው።

“አንተ ሽማግሌ!” አለ፤ እሱ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚለው፣ ንቀት አይደለም። “እኔ ጨው ልሸጥ መጣሁ እንጂ ልጠጣ መጣሁ እንዴ?”

 ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁሉ ተነሡበት። “አደብ የለህም!” “ሐጂን ነው እንዲህ የምትለው?” አንዱ ክንዱን ይዞ ወደ በሩ ይጎትተው ገባ። ሁመድ ግራ ተጋብቶ “ወላሂ ጨው ነው፣ ቅመሱት!” ይላል። “ውሸታም!” ይሉታል፤ ያንኑ ቡና በእጃቸው እንደያዙ።

ሐጂ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። ከሁመድ ሲኒ ቀመሱ።

“ለኔ ልክ ነች” አሉ ቀስ ብለው። “ይህ ሰው ግን መንገደኛ ነው፤ ከኔ ጋር ምን ጠብ አለው? ይመር፣ ና እስቲ። እንዴት ነች?”

ይመር ሲኒዋን ያዘ። “እንደ ሁልጊዜዋ” ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ያሳደጉት አባት በሰው ፊት አያፍሩም፤ መንገደኛው ግን እውነት በተናገረ ውሸታም ተብሎ ይባረራል። 

“ሚናራው ላይ እንደቆምክ ሆነህ ንገረኝ፣ ልጄ” አሉት።

አቤት! ከዚህ ወዲያ ምን ይበል?

“ጨው ነች፣ ሐጂ” አለ፤ እንባው ቀደመው።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከኢድ ወዲህ።”

“ሁላችሁም ታውቃላችሁ?”

ሁሉም አቀረቀረ። ይመር ቁጣ ጠበቀ፣ ወቀሳ ጠበቀ። ሐጂ ግን ወደ ሁመድ ሄዱና፣ እኚያ ከተማው ሁሉ እጃቸውን የሚስም ሰው፣ ጎንበስ ብለው የግመል ነጂውን እጅ ሳሙ። ጀበናውን ደጅ ደፉ። እሳቱን አጠፉ። ከዚያ ሰዉ ፊት ቆሙ።

“ወንድሞቼ፣ የተበላሸ ቡና ስሸጥላችሁ ኖሬያለሁ። ሳላውቅ ነው፤ ሐቃችሁ ግን ሐቃችሁ ነው። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።”

“ኧረ ሐጂ! አፉ ብለናል፣ አፉ!” ሱቁ በለቅሶ ተናወጠ።

ይህም አልበቃቸውም። ሱቁን ዘግተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ከኢድ ወዲህ ቡናቸውን በጠጣ ሰው ደጃፍ ሁሉ፣ በእስላሙም በክርስቲያኑም፣ እየቆሙ “አፉ በሉኝ” ሲሉ ዋሉ። ይመር ከኋላ ከኋላቸው ይከተላል። ሱብሃነላህ! ከልጅነቱ ጀምሮ አብሯቸው የኖረ ሰው፣ እሳቸውን ገና ያን ቀን ያወቃቸው መሰለው። አንድ ሰው በአንድ ሲኒ ቡና ጌታውን ይህን ያህል ይፈራል እንዴ እያለ ይገረማል።

ሲመለሱ “ሐጂ፣ ከእንግዲህ እኔ ልቅመስልዎት፤ ምላስ ልሁንዎት” አላቸው።

“አይሆንም” አሉ። “አንተ ትወደኛለህ።”

ይመርን እንደዚህች ቃል የወጋው ስድብ የለም።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሲኒ የመንገደኛ ሆነች። የማያውቃቸውን፣ ይሉኝታ የማይዘውን ሰው ከመንገድ ጠርተው ያስቀምጡና “እንዴት ነች?” ይሉታል። በዛ ካለ ይደፋሉ፣ እንደገና ያፈላሉ። ቡናዋም ወደ ጥንቷ ተመለሰች። ይመር እንደማንም ተራውን ጠብቆ ይጠጣል፤ ማንም አይጠይቀውም።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተቆረጠና መንገደኛ ጠፋ። ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ዝናቡን አዩት፣ አዩት። ከዚያ ዞረው ሲኒዋን ለይመር ዘረጉለት።

“እንዴት ነች?”

ይመር ቀመሰ። ጥሩ ነች፤ ማንም ጠጥቶ አመስግኖ ይወጣል። ጨው ግን ከጥንቷ በቁንጥር አልፎባታል።

“ትንሽ ጨው በዝቶባታል፣ ሐጂ። ይድፏት።”

ሐጂ ትክ ብለው አዩት። ፊታቸው በራ። “አልሐምዱሊላህ” ብለው ጀበናውን ደፉ፤ እንደ ልጅነቱም እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑለት።

“የሚወደኝማ ሞልቶኝ ነበር” አሉ፤ “ጌታዬ ዛሬ እውነቱን የሚነግረኝንም ሰጠኝ።”

እኛ የወንድማችንን ነውር መሸፈን ትልቅ ነገር ነው እንላለን፤ ነውም። የነይመር ዝምታ ግን ሐጂን አልሸፈናቸውም። እያጨበጨቡ የሰው ሐቅ አንገታቸው ላይ ሲቆልሉባቸው ነበር የከረሙት። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ምላሳቸው ከድቷቸው ሳለ ኒያቸው፣ የልባቸው ሐሳብ፣ ስላልከዳቸው ቡናቸው እንደ ሁልጊዜዋ መሆኗ። እስቲ እናንተም ነገ ሱቃችሁን ስትከፍቱ “እንዴት ነች?” ብላችሁ ጠይቁ፤ አላህም ከሚወዷችሁ መካከል ደፍሮ የሚመልስ ሰው አያሳጣችሁ። አሚን በሉ።