ዝም ካለ ይደፋል

አንድ ሰው ነበረ፤ የእህል ጉድጓድ እያየ «ይሞላ» ወይም «አይሞላ» ብሎ የሚፈርድ። ጥያቄሽን የሸሸሁ እንዳይመስልሽ፣ ሳምራዊት። ትናንት «ጋሼ፣ የጻፍኩት የፋይል ማከማቻ ኮድ ሁሉ እየሠራ፣ መረጃ ሲበላሽ ብቻ የሚያስፈልጉትን አራት መስመሮች ይዘው ሦስት ቀን የቆዩት ለምንድን ነው? ዲስክ በየቀኑ ይበላሻል እንዴ?» ብለሽኛል። ስሚኝና ራስሽ ፍረጂ።

ሰውየው በሚኖርበት አገር ማሽላ የሚቀመጠው ከመሬት በታች ነው። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ውስጡ በጭቃና በእበት ተለስኖ ገለባ ይነጠፍበታል፤ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደናል። አዲስ እህል ከመጨመሩ በፊት አንድ ሰው ወርዶ ከታች የቀረው የዓምናው እህል መሻገት አለመሻገቱን ያያል። ካልሻገተ እዚያው ሆኖ ከላይ የሚደፋለትን እየደለደለ፣ እህሉ ከፍ ባለ ቁጥር አብሮ ከፍ እያለ ይወጣል።

የዚያ አገር ሰው ደግሞ አንድ ልማድ አለው፤ የእህልን ደህንነት ጮኾ አይናገርም። «አምሯል፣ ሞልቷል» ማለት ዓይን ይስባል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ የወረደው ሰው ሻጋታ ካገኘ ይጮሃል፤ ደህና ከሆነ ዝም ይላል። ዝም ካለ ይደፋል።

ታዲያ አንድ ገበሬ አዝመራው ባማረለት ዓመት ይህን ሰው አስጠራው። የዓመት ቀለቡ በጆንያ ሆኖ ግቢው ውስጥ ተደርድሯል፤ ያለ ወቅቱ የመጣ ደመና ሰማዩን ይዞታል፤ ያለው ጉድጓድ አንድ ብቻ ነው። ሰውየው ሥራውን አልናቀም። ክዳኑን አስነሥቶ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። በረጅም ዘንግ ግድግዳውን አንኳኳ፣ ስንጥቅ ፈለገ፣ ጎርፍ የሚመልሰውን ቦይ በእርምጃው ለካ። እንከን የሚባል አላገኘም፤ በልቡም ኮራ።

በመጨረሻ «የታችኛው እህል ተበላሽቶ ቢገኝስ ምን ታደርጋላችሁ?» አለ።

«ወንድሜ ይወርዳል። ከተበላሸ ይጮሃል፤ ካልጮኸ እንደፋለን» አለ ገበሬው።

ወንድምየው ለመውረድ እጅጌውን እየጠቀለለ ነበር። «መጮህ ባልችልስ?» አለ።

«አንተ? የሰርግ ዘፈንህ ማዶ መንደር ድረስ እየተሰማ!» አለ ገበሬው። ጆንያ ሊሸከሙ የመጡት ጎረቤቶች ሳቁ። ሰውየውም አብሯቸው ሳቀ።

ሳቁ ግን አፉ ላይ ቀዘቀዘ። የወንድምየው ጥያቄ ደረቱ ላይ ተቀመጠበት። ክዳኑ የተነሣው አሁን ነው፤ ታፍኖ የከረመ ጉድጓድ የሰውን ትንፋሽ እንደሚነጥቅ ደግሞ እንደ እርሱ የሚያውቅ አልነበረም። «ጉድጓዱ ይናፈስ፤ የወረደውም ሰው ደህና መሆኑን በድምፁ ይንገራችሁ» ማለት ነበረበት። ይህን ማለት ግን የአገሩን ልማድ መንካት ነው። በደስታ ቀን ክፉ ማውራት ነው። ደመናውም እየወረደ፣ ቤት ውስጥም ወጡ እያወደ ነው። ይሉኝታ ያዘው። «ይሞላ» አለና ወደ ማዕዱ ሄደ።

ወንድምየው ወረደ። ከላይ ያሉት ጆሯቸውን አቀኑ። ጉድጓዱ ዝም አለ። ገበሬው በዝምታው ፊቱ ፈካ፤ የመጀመሪያውንም ጆንያ በገዛ እጁ ደፋ። ሌሎቹም ተከተሉት። ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ከተሸካሚዎቹ አንዱ እህሉ እንደተቆለለ መቅረቱን፣ ማንም እንዳልደለደለው አየና የወንድምየውን ስም ጠራ። ከዚያ ሁሉም ጠሩ። ጉድጓዱ አሁንም ዝም አለ።

ጉድጓዱ እስኪናፈስ ጠብቀው፣ እህሉን ዝቀው ወንድምየውን አወጡት። ሞቷል። ጣቶቹን ሲፈቱ በጭብጡ ውስጥ የሻገተ ማሽላ አገኙ። ለካ አይቶ ነበር። ብልሽቱን አግኝቶ፣ ሊያሳያቸው ዘግኖ ይዞት ነበር። መናገር ብቻ አልቻለም። በሬሳ ላይ የተደፋውን እህል የሚበላ ስላልተገኘ ጉድጓዱ በአፈር ተደፈነ፤ የገበሬው ቤተሰብም ያን ዓመት የሰው እጅ ሲያይ ከረመ።

ሰውየው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ገበሬው አጠገብ ተቀመጠና «ግድግዳው አንድም እንከን አልነበረበትም» አለ። ምን እንዳስባለው እግዜር ይወቅ። ገበሬው ቀና ብሎ አየው።

«እኔ ሳቅሁ» አለው። «እህሌ ደጅ ላይ ነበር፤ ቸኩዬ ነበር፤ ሳቅሁ። አንተን የጠራሁህ ግን እንዳትስቅልኝ ነበር።»

ሰውየው ተነሣ። ነጠላውን ተከናንቦ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም ጉድጓድ እንዲያይ የጠራው የለም።

እንግዲህ ሳምራዊት፣ ያቺ በአራት መስመር የጻፍሻት ፍተሻ እንደዚያ ምስኪን ወንድም ናት። ወርዳ መረጃው መበላሸቱን ታያለች፤ አይታም ሥራዋን አቋርጣ ትወጣለች። የምትመልሰው ቁጥር ግን አንቺ ከላይ ስትጀምሪ ዜሮ ያልሽው ነው፤ በመንገድ ላይ የለወጠው የለም። በእኛ ሥራ ደግሞ ዜሮ «ደህና ነው» ማለት ነው። እሷን የላካት ኮድ ዜሮ ሲደርሰው ምንም ሳይጠራጠር በተበላሸው ላይ አዲሱን ይደፋበታል። የሚደፋው የሰው ድካም ነው። ከዚያ በኋላ የትኛው ደህና፣ የትኛው የሻገተ እንደነበር የሚለይ አይገኝም። አዎ፣ ዲስክ በየቀኑ አይበላሽም። ያም ሰው የሞተው አንድ ቀን ነው።

ስለዚህ ከዜሮ አትጀምሪ። አይታ እስክትመሰክር ድረስ «አላውቅም» ትበል፤ ደህና መሆኑንም ራሷ ትናገር። ኮዱን መልሼልሻለሁ፤ አስተካክለሽ አምጪልኝ። ትናንት ያን ጥያቄ ስትጠይቂኝ ቢሮው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር።