ቀማሿ አይጢትና የባሕሯ ዛጎል

ተጠጉ፣ ተጠጉ። ከኋላ ያላችሁም ወደ ፊት ኑ፤ ጉሮሮዬ አርጅቷል፣ መጮህ አልችልም። ነገሩ የሆነው እንስሳ ከእንስሳ፣ እሳትም ከጨው ጋር በሚነጋገርበት ዘመን ነው። እኔ እዚያ አልነበርኩም። የነገሩኝም አልነበሩም። ቢሆንም እውነት ነው፤ የማያምን ካለ ተነሥቶ ውሃ ያምጣልኝና ይመለስ።

ከጨው ሜዳው ባሻገር፣ ፀሐይ ድንጋዩን በምታግልበት የባሕር ዳርቻ፣ አንድ የእንስሳት መንደር ነበረ። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ኮዳ ነበሩ። ራሰ በራ፣ አንገታቸው የተራቆተ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚንጎራደድ ዳኛ የሚመስሉ ትልቅ ወፍ ናቸው። የመንደሩ ዋና ምግብ ደግሞ ዛጎል ነበረች። ዛጎል ቤቷን ለብሳ፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቃ የምትኖር ፍጥረት ናት። አደን አታውቅም። አፏን ከፍታ ባሕሩን ትጠጣለች፣ ውሃውን መልሳ ትተፋለች፣ በውሃው ውስጥ የነበረውን ደቃቅ ነገር ሁሉ ሆዷ ውስጥ ታስቀራለች። ባሕሩ ደግ ቢያመጣ ደጉ፣ ክፉ ቢያመጣ ክፉው እሷ ጋ ይቀራል።

እናንተ ቤት ለእንግዳ መጠጥ ሲቀርብ፣ አሳላፊው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ መጀመሪያ እሱ ይቀምስ የለ? በዚያ መንደርም ወጉ ያው ነበር። ቀማሿ አይጢት ነበረች። ሥራውን ከእናቷ ነው የወረሰችው። ገላዋ ትንሽ ስለሆነ ክፉ ነገር ቶሎ ያስታውቅባታል። በየሳምንቱ ከዛጎል ሥጋ አንዲት ፍርፋሪ ትቀምስና ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። የገደሉ ጥላ ጅራቷ ድረስ እስኪደርስ ሁሉም ይጠብቃል። ጥላው ደርሶ አይጢት ተነሥታ ከሄደች መንደሩ ይበላል። ፈሪ ነበረች። በቀመሰች ቁጥር ጢሟ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ግን ፈሪ ሆና መቅመሷን ነው የወደድኩላት።

አንድ ዓመት ባሕሩ ቀላ። ያቀላው አልጌ ነው። አልጌ አንዱን ብቻውን ዐይን የማያየው የባሕር ቡቃያ ነው፤ ያን ዓመት ግን ተራብቶ ተራብቶ ውሃውን ሞላው። አይጢት ቀመሰች፤ ጥላው ገና ሳይነቃነቅ ከንፈሬ ደነዘዘ አለች። አባ ኮዳ ወዲያው ዛጎል የሚባል ነገር ማንም እንዳይነካ አዘዙ። ማንም አልተቃወመም። ቀይ ውሃ እያየ ማን ይከራከራል?

ጭንቁ የመጣው ውሃው ሲጠራ ነው። ከስንት ሳምንት በኋላ ባሕሩ ተመልሶ ሰማያዊ ሆነ፤ ዓሣው ግን ሸሽቶ ቀርቷል፣ ረሃቡ ጠንቷል። እመት ሽመላ ሦስት ጫጩቶች ነበሯት። የመጨረሻው ጫጩት አንገቱን ቀና ማድረግ አቅቶት ነበር። እመት ሽመላ በረጅም እግሯ ሸንጎው መሐል ቆመችና ውሃው ከጠራ ክልከላው ይነሣ፣ ልጄ ነገን አያይም ብላ ለመነች። እውነቷን ነው፤ እናት ናት።

ይሄኔ ድንጋዩ ላይ ከተጣበቁት ዛጎሎች አንዷ፣ እመት ዛጎሊት፣ ተናገረች።

«እመት ሽመላ፣ ውሃው ጠርቷል፤ እኔ ግን አልጠራሁም። ያን ጊዜ የጠጣሁት አሁንም ሆዴ ውስጥ ነው።»

ሸንጎው ሳቀ። ሸርጣን በጎን በጎኑ እየሄደ፣ ቢላዋ ሲሳል የሰማ በግም ዛሬ አሞኛል ሳይል አይቀርም ብሎ አሾፈባት። እመት ሽመላ ግን አልሳቀችም፤ ተናደደች። ነፍስሽን ለማትረፍ ነው የምትዋሺው፣ በልጄ ሕይወት ትጫወቻለሽ አለቻት።

«ለምግብ መፈጠሬን አውቃለሁ» አለች ዛጎሊት። «እናቴም እህቶቼም በዚሁ መንገድ ነው የሄዱት። ምግብ ልሁን፤ ወጥመድ ግን አታድርጉኝ።»

ማንም አላመናት። ይባስ ብሎ ሦስት ጉረኞች ተነሡ። መጀመሪያ ጨው ተነሥቶ፣ ስንቱን ሥጋ ከመበስበስ ያዳንኩ እኔ ይህችን አላጸዳም ወይ አለ። ከመንገደኛ ጀልባ ወድቃ ተንከባላ የመጣችው ሎሚም የእኔን ጉልበት የቀመሰ ያውቀዋል አለች። እሳት ደግሞ ሁለቱንም ናቃቸው፤ እኔ የነካሁት ነገር ክፋት አይተርፈውም ብሎ ተንቦገቦገ። አባ ኮዳ አሰቡ፣ አሰቡና እንግዲህ ይሞከር አሉ።

በመጀመሪያው ቀን ጨው አንዲት ዛጎል አሸ። አይጢት ፍርፋሪውን ቀመሰችና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ጥላው መንገድ ሳያጋምስ ከንፈሬ ደነዘዘ አለች። ጨው አንሼ ነው እንጂ እያለ አጉረመረመ።

በሁለተኛው ቀን ሎሚ ጭማቂዋን አፈሰሰች። አይጢት ቀመሰች፣ ተቀመጠች። ጥላው መንገድ ሳያጋምስ ምላሴ የእኔ አልመስል አለኝ አለች። ሎሚ ቆዳዋ ተጨማዶ ወደ መጣችበት ተንከባለለች።

በሦስተኛው ቀን እሳት ተራውን አገኘ። ከጠዋት እስከ ቀትር ድስቱን አንተከተከ። ሽታው መንደሩን አወደው፤ የሁሉም ሆድ ጮኸ። አይጢት ግን ፈራች። አባ ኮዳ ጆሮ ሥር ጠጋ ብላ ዛሬስ ይቅርብኝ አለቻቸው። እሳቸውም አላስገድድሽም አሏት። ከዚያ ዞር ስትል ያን ጫጩት አየችው፤ አንገቱ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ወደ ድስቱ ሄደች። ነገሩ ቶሎ እንዲለይ ብላም ፍርፋሪውን ከወትሮው አተለቀችው። ስህተቷ ይህ ነበር።

እመት ሽመላ ጥላውን መጠበቅ አልቻለችም። አትፍረዱባት። ከድስቱ አንድ ሥጋ ነጥቃ ወደ ልጇ ሮጠች። ጫጩቱ በመጨረሻ ጉልበቱ አፉን ከፈተ። ሥጋው በምንቃሯ ጫፍ ላይ፣ አፉም ከሥሩ ነበር፤ ይሄኔ አይጢት ከድንጋዩ ላይ ወደቀች። እግሮቿ አልታዘዟትም፤ ትንፋሿም አጠረ። እመት ሽመላ ሥጋውን አሸዋው ላይ ወረወረችውና ልጇን በክንፏ ሸፍና አለቀሰች።

ሁሉም አይጢትን ከበባት። ማራገቢያ ሆኖ ያልዋለ ክንፍ አልነበረም። እሳት ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ሥጋውን አበሰልኩ እንጂ መርዙን ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁትም ብሎ አመነ። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል የአይጢት ጢም ተንቀሳቀሰ። መንደሩ ያን ጊዜ ነው የተነፈሰው።

አባ ኮዳ በሸንጎው ፊት ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። ዛጎሊት ነግራን ነበር፣ ጥቅሟ ስለሆነ ብቻ ሐሰት አልነው አሉ። ከዚያም ወስነው፣ ክንፍ ያለው ሁሉ ሩቅ ወዳለው ረግረግ በርሮ እንቁራሪትም አንበጣም ያምጣ፣ መጀመሪያም የእመት ሽመላ ልጆች ይብሉ አሉ። ዳኛ ነኝ ብለው አልተቀመጡም፤ በዚያ ሸክም በመሰለ ገላቸው እያለከለኩ አብረው በረሩ። ጫጩቶቹም ጠገቡ ባይባልም ነፍስ ዘሩ። አይጢት ካገገመች በኋላ በየሳምንቱ እንደ አሸዋ ቅንጣት የምታህል ፍርፋሪ ትቀምስ ነበር። መደንዘዙም በየሳምንቱ እየዘገየ፣ እየቀለለ ሄደ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ የቅምሻው ቀን ገና ሳይደርስ፣ ዛጎሊት ከድንጋዩ ላይ ተጣራች።

«እመት ሽመላ፣ ነይ። አሁን እኔም እንደ ውሃው ጠርቻለሁ።»

ምን እንዳለች ሁሉም ገብቶታል። ሸርጣን እንኳ አላሾፈባትም። እመት ሽመላ በቀስታ እየተራመደች መጣችና አጠገቧ ቆመች።

«ይህን ስትዪ ምን እንደሚመጣብሽ አጥተሽው ነው?»

«አላጣሁትም» አለች ዛጎሊት። «ልጆችሽ ሲያለቅሱ እሰማ ነበር። ያን ጊዜ ላበላቸው አልቻልኩም። አሁን እችላለሁ።»

አይጢት ሳትጠራ መጣች። ብናምናትም እቀምሳለሁ፣ ሥራዬ ነው አለች። ቀመሰች፣ ጢሟ ተንቀጠቀጠ፣ ተቀመጠች። ጥላው መጣ፣ መጣ፣ ጅራቷን ነካ። አይጢት ተነሥታ ሄደች።

እመት ሽመላ ረጅም አንገቷን አጠፈች። ምንቃሯ የዛጎሊትን ቤት ነካ፤ ሁሉም ልትወስዳት ነው ብሎ ዐይኑን ጨፈነ። እሷ ግን ይቅር በዪኝ አለቻትና ከጎኗ ካሉት ወሰደች። ከጎኗ ያሉትም ዛጎሎች ነበሩ፤ አልዋሻችሁም። ሽመላ ናት፣ ልጆች አሏት። ዛጎሊት እህቶቿ ሲሄዱ ቤቷን ዘግታ ቆየች፣ ኋላም ከፍታ ባሕሩን መጠጣት ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ በየወቅቱ መጀመሪያ የምትጠየቀው እሷ ሆነች። እሷ ትናገራለች፣ አይጢት ትቀምሳለች፣ መንደሩም ጥላው እስኪደርስ ይጠብቃል።

ጨረስኩ። የተማርኩት ይህን ነው፦ እውነት ተናጋሪውን ስለጠቀመ ሐሰት አይሆንም፤ ተናጋሪውን ስለጎዳም ሳይቀመስ አይታመንም። በራባችሁ ቀን ይህን ማሰብ ይከብዳችኋል፤ ለዚህ ነው ዛሬ፣ ጠግባችሁ ሳላችሁ የነገርኳችሁ።