ሲበሩ የሚመጣ ፉጨት

ቁጣቸው ከእሳቸው ቀድሞ ቢሮ የሚገባ አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ ነበሩ፤ አቶ ሽባባው ይባላሉ። አንድ ቀን በፒክአፕ ወደ ዞን ስብሰባ ሲሄዱ፣ «ርገጠው! ርገጠው!» እያሉ ሹፌሩን ሲያጣድፉት ቀጭን ፉጨት ጆሯቸው ገባ።

«አንተ! በእኔ ላይ ታፏጫለህ? ዛሬውኑ ትባረራለህ!»

ሹፌሩ የእንጀራው ነገር ነውና መኪናውን ዳር አቆመ። ወርዶ የፊት መስታወቱን ዙሪያ የያዘውን ጎማ በጣቱ ሲዳብስ አንዱ ጥግ ለቆ አገኘው። ክፍተቱን በፕላስተር ሸፈነና እንደ ቀድሞው አበረረው። ፉጨቱ ጠፋ።

«ነፋስ ነው ጌታዬ» አለ።

አቶ ሽባባው መረታት አያውቁም።

«ምክትሌ ወይዘሮ እናትነሽ በዚሁ መኪና፣ በዚሁ መንገድ ትመላለሳለች። አንድም ቀን ፉጨት ሰማሁ ብላ አታውቅም። ነፋሱ ሰው እየመረጠ ነው የሚያፏጨው? መልስ ከሌለህ ቁልፉን አስረክብ!»

ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

«ነፋሱስ የሚያፏጨው ስንበር ብቻ ነው ጌታዬ» አለ። «እሳቸው በጊዜ ስለሚነሱ፣ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው።»