አሥራ ሁለት መስመር በቆሎ

አንድ ሰው በቆሎ ዘራ። የዘራው ግን አሥራ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ እሱንም መንገድ ዳር።

የቀረው መሬትስ? ቆዩ፣ እደርስበታለሁ። ዛሬ ድምፄም ጉልበቴም ደክሟል፤ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

ሰውዬው የሚኖረው አሜሪካ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ የገበሬዎች ከተማ ነው። አሜሪካ ስላችሁ ፎቅ አይታያችሁ። አንድ አውራ ጎዳና፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሩቅ የሚታይ ረጅም የእህል ጎተራ። ከዚያ ወዲያ በቆሎ ነው፣ በቆሎ ነው፣ አሁንም በቆሎ ነው። የዚያች ከተማ ምእመናን ጋብዘውኝ አንድ ሳምንት ሰንብቼ ነበር። ታሪኩን ያጫወተኝ ሀልቮር የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ነው፤ የዚያ ሰው ጎረቤት።

ከተማዋን የቆረቆሩት የእነ ሀልቮር ቅድመ አያቶች ናቸው። ከሰሜን አውሮፓ በመርከብ መጡ፤ የባቡሩ ሐዲድ ያለቀበት ቦታ ላይ ወረዱ። በመጀመሪያው ዓመት ብዙዎቹን ብርድና በሽታ ፈጃቸው። የተረፉት ተሰብስበው አንድ ነገር ተማማሉ፦ "ከእንግዲህ የታመመ ሰው አዝመራ ሜዳ ላይ አይቀርም!"

ይህ መሐላ እስከ ዛሬ አልፈረሰም። ገበሬ በመኸር ከታመመ ጎረቤቶቹ የማጨጃ መኪናቸውን፣ ኮምባይነራቸውን እየነዱ ይመጣሉ። ሴቶቹ ምግብ ይዘው ይመጣሉ። በአንድ ቀን አጭደው፣ ጎተራ አስገብተውለት ይሄዳሉ። የታመመው ሰው ደግሞ "ተዉ፣ አትድከሙ" ማለት አለበት፤ ወጉ ነው። እነሱም አይሰሙትም። እኛስ እንግዳ "ጠገብኩ" ሲለን እንሰማዋለን?

ሌላም ልማድ አላቸው። እሑድ ከጸሎት በኋላ ቤተሰቡን መኪና ላይ ይጭኑና፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ቀስ እያሉ የሰው እርሻ እያዩ ይዞራሉ። የማን መስመር ቀጥ ብሏል? የማን ማሳ አረም ወርሶታል? በዚያ አገር የሰው ስም የሚነሣውም የሚወድቀውም በእሑድ መኪና ነው።

ታዲያ ከተማዋ እንደ ድሮው አይደለችም። ማሽኑ እየተለቀ ሲሄድ ሰው እያነሰ ሄደ። አንድ ሰው የአሥር ሰው መሬት ማረስ ቻለ፤ ዘጠኙ አገር ለቀቁ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ለአራት መቶ ሰው በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ስድሳ ሰው ተበታትኖ ይቀመጣል። እኔ ስሰብክ የባዶው ወንበር ብዛት ልቤን ሰበረው። ከስድሳውም መካከል ወጣት የሚባል ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሰውዬው እንመለስ።

ሚስቱ ኢንጋ ታመመች። በዚያ ዓመት ከመሬቱ ጥግ፣ በወንዙ በኩል ያለውን ትንሽ ቦታ ሳይዘራ ተወው፤ እሷን ማን ያስታምም? በቆሎ እንደምታውቁት ከሰው ቁመት ይበልጣል። ከመንገድ ሲያዩት ግድግዳ ነው። እሑድ መኪኖቹ አለፉ። ማንም ምንም አላለም።

በሁለተኛው ዓመት ኢንጋ ሞተች። ቀበሯት፣ አጽናኑት፣ ምግብ አመጡለት፣ ሄዱ። እሱም ግማሹን መሬት ተወው። መኪኖቹ አለፉ። ማንም ምንም አላለም።

በሦስተኛው ዓመት የገዛ ልቡ ይደክም ጀመር። ደረጃ መውጣት አቃተው። ለማን ይንገር? አባቱ፣ አያቱ የሰው አዝመራ ሲሰበስቡ የኖሩ ናቸው። እሱ ራሱ ስንት ጊዜ ቀድሞ ሄዷል! እናም በዚያ ዓመት መንገድ ዳር አሥራ ሁለት መስመር ዘራ። አሥራ ሁለቱን ብቻ። እነሱን አረመ፣ እነሱን ተንከባከበ፣ ቀጥ አድርጎ አሳደጋቸው። ሀልቮር እንዲህ አለኝ፦ "በዚያ ዓመት ከእሱ በቆሎ የሚያምር አልነበረም። ለሚስቴም 'እዪ፣ ሰውዬው በረታ' ብያታለሁ።"

በመኸር ሰውዬው ጎተራው ደጃፍ ላይ ወደቀና ሆስፒታል ገባ።

ሀልቮር ሊጠይቀው ሄደ፤ ደስ ብሎት ነው የሄደው፣ የምሥራች ይዞ።

"ቅዳሜ እንገባልሃለን። ዘጠኝ ኮምባይነር አለን" አለው።

"አትግቡ።"

"እንዲህ እንደምትለኝ አውቄ ነበር!"

"በቆሎው አልደረቀም።"

"ዝናብ ካየን እኮ ሦስት ሳምንታችን ነው።"

"ሀልቮር፣ እባክህ አትግቡ" አለና ሰውዬው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሀልቮርም ወጉን አደረሰ ብሎ እየሳቀ ወጣ።

አያችሁ? ሰውዬው ከልቡ ለመነ። ግን በዚያ ከተማ ከልብ የሚለመንበት ሌላ ቃል አልነበረም። ሁሉም ያንኑ ስለሚል ማንም አይሰማም።

ቅዳሜ ደረሰ። ዘጠኝ ኮምባይነር ተሰለፈ። ሀልቮር ቀድሞ ገባ። አሥራ ሁለት መስመር አጨደ። ከዚያ ወዲያ የሚታጨድ የለም። እስከ ወንዙ ድረስ አረም ነው፤ ሰው የሚያህል፣ የደረቀ አረም። ሞተሩን አጠፋ። የተከተሉትም አንድ በአንድ አጠፉና ወርደው ቆሙ። ሴቶቹ ድስታቸውን እንደያዙ መጥተው ቆሙ።

አንዱ ተናደደ፤ "ይኼ ሰው ሲያታልለን ኖሯል!" አለ።

ሀልቮር ግን "አላታለለንም። የምናይለትን ነው የዘራው" አለው።

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ሰምቼ ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ሀልቮር ከድስቶቹ አንዱን ይዞ ሆስፒታል ሄደ። አልጋው አጠገብ ተቀመጠ።

"ገባችሁ?" አለው ሰውዬው።

"ገባን።"

"አያችሁ?"

"አየን።"

ሰውዬው እንደ ልጅ አለቀሰ። ሀልቮርም አለቀሰ። ከዚያ እንዲህ አለው፦ "በየእሑዱ በደጅህ አልፌአለሁ። አንድ ቀን መኪናዬን አቁሜ አልወረድኩም።"

"ብትወርድም እዋሽህ ነበር።"

"ይሁን። እኔ ግን መውረድ ነበረብኝ።"

በጸደይ ጎረቤቶቹ ትራክተራቸውን ይዘው መጡ። ከዚህ በፊት የታመመ ሰው አዝመራ ሰብስበው ነበር እንጂ ዘርተው አያውቁም። አሁን ዘሩ። ከመንገዱ ዳር አልጀመሩም፤ ማንም ከማያየው ከወንዙ ጥግ ጀመሩ። ሰውዬው በሀልቮር መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያይ ነበር። በቆሎው ለእሸት ሳይደርስ ሰውዬው ሞተ። መሬቱ ግን በዚያ ዓመት እስከ ወንዙ ድረስ ሙሉ ነበር።

እንግዲህ ጣታችንን ወደዚያች ከተማ አንቀስር። እኛስ?

እኛ እንኳ ሰላምታችን ረጅም ነው። "እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ሥራ ደህና? ጤና ደህና?" አምስቴ እንጠይቃለን፤ ለአምስቱም መልሱ "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው። ምስጋናው መልካም ነው፤ ማን ይጠላዋል? ግን ስንቶቻችን ነን ምስጋናውን መንገድ ዳር ዘርተን ከኋላው ያለውን አረም የጋረድንበት? "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው። ግን ያልጠየቀውስ? መስኮት ዝቅ አድርጎ ያለፈውስ?

አንቺ እህቴ፣ ከጎንሽ የምትቀመጠዋን ሴት ስንት ዓመት አወቅሻት? ቤቷ ገብተሻል? አንተ ወንድሜ፣ "ወንድሜ በርትቷል" ብለህ የመሰከርክለት ሰው፣ ከአሥራ ሁለተኛው መስመር ወዲያ ምን አለው?

ስለ ሌላ ሰው ብቻ ተናግሬ ብወርድ ይቀለኝ ነበር። አልችልም። የእኔ መንገድ ዳር ይህ መድረክ ነው። ሸሚዜ ተተኩሷል፣ ድምፄ ያምራል ትላላችሁ፣ እሑድ እሑድ እዚህ ቆሜ ታዩኛላችሁ። ከዚህ ስወርድ ግን፣ ወገኖቼ፣ ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ ቤቴ ገብቼ አንዲት ቃል መጸለይ አቅቶኛል። ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። የምጸልየው እናንተ ስትሰሙኝ ብቻ ነው።

አሁን ጨርሰን ስንወጣ በር ላይ እቆማለሁ። እጄን እየጨበጣችሁ "ፓስተር፣ ደህና ነዎት?" ትሉኛላችሁ። እኔም ልማድ ነውና "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ላሳልፋችሁ እሞክራለሁ።

አትለፉ። እባካችሁ፣ ዛሬ አንዳችሁ እንኳ አትለፉ።